ካርድ ሳይወጣ ኢሲጂ ይነሣ፦ ከደብረ ብርሃን የተነሣ ጥያቄና 23 መልሶች

ደረቱን ያመመው ሰው ካርድ ከማውጣቱ በፊት ኢሲጂ (የልብን ምት በወረቀት ላይ በመስመር የሚያሳይ ምርመራ) ይነሣ ወይ የሚለውን ጥያቄ ለውይይት የከፈትኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ አባባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ደብረ ብርሃን በጥር እንዴት እንደምትበርድ የሚያውቅ ያውቃታል። የእሳቸው ግንባር ግን በዚያ ብርድ በላብ ርሷል። እጃቸውን ጨብጠው ደረታቸው መሐል ላይ አሳርፈዋል። ምን ሆኑ ብላቸው ብርድ መትቶኝ ይሆናል አሉኝ። እናቴ ጨጓራ ነው ብላ አጥሚት ልታሞቅ ተነሣች። እስኪነጋ ጠበቅን።

12 ሰዓት ተኩል ላይ በባጃጅ ሆስፒታል ደረስን። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም፤ ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና። ካርድ አውጡ ተባልን። ሰልፍ ነበር። የጤና መድህን ደብተራችን ቤት ቀርቶ ስለነበር ታናሽ ወንድሜ ሊያመጣ ተመልሶ ሮጠ። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አንዴ አስመለሳቸው። ተራ ደርሶን ስንገባ የጨጓራ መርፌ ተወጉ። ኢሲጂ የተነሡት 3 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ወረቀቱ ላይ 08:50 ብሎ ታትሟል፤ አሁንም እኔ ጋ አለ።

ሆስፒታል በገባን በ140ኛው ደቂቃ ማለት ነው። ሐኪሞች የሚመሩበት መለኪያ 10 ደቂቃ ነው።

አባባ ተርፈዋል። ድሮ ከቤታችን ተነሥተው ሥላሴ ለመሳለም ሲሄዱ አንዴም አይቆሙም ነበር። አሁን ሁለት ቦታ ያርፋሉ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ ደረቴን ብሎ የመጣ ሰው ካርድ ከማውጣቱ በፊት ኢሲጂ ቢነሣ ምን ይጎድላል? በሰሜን ሸዋ ሆስፒታሎች ይህን ለማድረግስ ምን ያስፈልጋል? በአንድ ሳምንት 23 መልስ መጣ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አላሰፍርም፤ ያሉትን ግን በየቁጥሩ አወጋችኋለሁ።

1ኛው ከጫጫ ነው። ለአባባ ምሕረት የተመኙ አንዲት እናት ወንድማቸው በዚሁ ሕመም እንዳረፉ ጽፈዋል። ሌላ አልጨመሩም።

2ኛውን የጻፉት የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው። በትሕትና አረሙኝ። መጀመሪያ ስጽፍ አባባን የያዛቸው ልብ ድካም ነው ብዬ ነበር። ሐኪሙ እንዳስረዱት ልብ ድካም ማለት ልብ ደም የመግፋት አቅሙ ሲዳከም ነው። እግር ያብጣል፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራል፤ ብዙ ጊዜ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። አባባን የያዛቸው ግን ሃርት አታክ ነው። ልብን ራሱን የሚመግበው የደም ሥር ውስጥ ደም ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል። ደም ያልደረሰው የልብ ጡንቻ በየደቂቃው እየሞተ ይሄዳል። ብዙ ጡንቻ ከሞተ ነው ልብ ድካም የሚከተለው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታችን ሰው ይጎዳል ይላሉ፤ ልብ ድካም ሲባል የሰማ ሰው የቀጠሮ በሽታ ይመስለዋልና። ጽሑፌን አስተካከልኩ።

3ኛው ቁጣ ነበረበት። ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ነርስ ነው። ሌሊት ለመላው ክፍል ሁለት ነርስ ብቻ የሚያድርበት ቤት አለ። ኢሲጂ ማሽኑ አንድ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል ሲፈለግ ዋርድ ይገኛል፣ ዋርድ ሲፈለግ ቁም ሳጥን ተቆልፎበት ቁልፉ የያዘው ሰው ቤት ነው። ወረቀቱ ካለቀ ግዢው እስኪፈጸም ሳምንታት ይጠበቃል። ይህን ሳያዩ ነርስ ላይ ጣት መቀሰር ቀላል ነው የሚል ነው ሐሳቡ። መጀመሪያ ጽሑፌ ውስጥ ግዴለሽ የሚል ቃል ነበር። አነበብኩት፣ አወጣሁት። ልክ ነው፤ ያን ቀን ግዴለሽ ሰው አላየሁም። የደከመ ሰው ነው ያየሁት።

4ኛው ይበልጥ አመመኝ። ሆስፒታል ውስጥ በጥራት ክፍል የምትሠራ ናት። ድንገተኛ ታካሚ መጀመሪያ በትራያጅ (ማን ቀድሞ መታከም እንዳለበት በሚለይበት ቦታ) እንደሚታይ፣ ካርድና ክፍያ ኋላ እንደሚመጣ የታወቀ አሠራር መሆኑን ጠቅሳ፣ በየትኛው በር እንደገባን ጠየቀችኝ። በዋናው በር ነበር የገባነው። ድንገተኛ የሚለው በር ከጎን ነበር። አላወቅንም። ጥበቃውም አልመራንም። እሷ ግን ጥፋቱን እኛ ላይ አልጣለችም። ያመመው ሰው በየትኛውም በር ሊገባ ስለሚችል፣ ከሐኪሙ እኩል ጥበቃውና የካርድ ክፍሉ ሰው መሠልጠን አለባቸው የሚል ነው ነጥቧ። እኔ ስለ ማሽን ሳስብ እሷ ስለ በር አሰበች።

5ኛው ሸዋ ሮቢት ያለ ፋርማሲስት ነው። ኢሲጂ እስኪደርስ የሚጠበቅ ነገር የለም ባይ ነው። ሃርት አታክ ከተጠረጠረ 300 ሚሊግራም አካባቢ አስፕሪን ታኝኮ ይዋጣል፤ ባለ 81 ከሆነ አራት ፍሬ። የሚታኘከው ቶሎ ደም ውስጥ እንዲገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመውን ትልቅ ጥናት አስታወሰን። 17,187 ሕሙማን ነበሩበት። አስፕሪን ብቻውን በአምስት ሳምንት ውስጥ በልብና በደም ሥር ሕመም የሚደርሰውን ሞት በ23 በመቶ ቀነሰ። ስትሬፕቶካይኔዝ የሚባለው የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ብቻውን በ25 በመቶ። ሁለቱ አንድ ላይ በ42 በመቶ። አስፕሪን በብዙ የገጠር መድኃኒት ቤት አለ። የአባባን ሌሊት አሰብኩና ጽሑፉን መልሼ መላልሼ አነበብኩት።

6ኛው ወዲያው ተነሣበት። ጨጓራ ላለበት ሕዝብ አስፕሪን አድሉ ማለት ሰው መግደል ነው ሲል በጣም ከረር አድርጎ ጻፈ። 7ኛው ላይ ሐኪሙ ተመልሰው መጡ። ደም የሚያስታውከው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ወይም አስፕሪን የማይስማማው ሰው ሐኪም ሳያየው እንዳይወስድ አስጠነቀቁ። ዝም ብሎ ቃር ያለበት ሰው ግን በአንድ ጊዜ መጠን ከሚያገኘው ጉዳት ጥቅሙ ይበልጣል። ሌላም ጨመሩ፤ ይህን ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር። ሕመም ለማስታገስ ተብሎ የሚወጋው የዲክሎፌናክ መርፌ ለዚህ ሕመም አይሆንም። ልብን ይጎዳል። ጡንቻ ላይ የተወጋ ማንኛውም መርፌ ደግሞ በኋላ የሚያሟሟው መድኃኒት ሲሰጥ ቦታው ላይ ደም ሊቋጥር ይችላል።

8ኛው ላይ ነገሩ ወደ መንገድ ዞረ። ከመሐል ሜዳ የጻፈ መምህር የ10 ደቂቃ ወሬ የከተማ ወሬ እንደሆነ ተናገረ። በክረምት ከመንዝ ቀበሌዎች አንዳንዱ በቃሬዛ ነው የሚወጣው። የወረዳው አምቡላንስ ለወላድ እናቶች ተብሎ የመጣ ስለሆነ ደረቴን ላለ ሽማግሌ ደውሎ ማግኘት ከባድ ነው። ቀይ መስቀል በ907 ይጠራል፤ ግን ከየት ተነሥቶ መቼ እንደሚደርስ መገመት ይቸግራል። 9ኛውና 10ኛው ሁለት ሾፌሮች ናቸው። ስለ ጣርማ በር ጉም፣ ጣሊያን በሠራው ዋሻ አፍ ላይ ከባድ መኪና ሲቆም ስለሚፈጠረው ሰልፍ፣ ከደብረ ሲና ሽቅብ ሲመጣ ፍሬን ስለሚያስጨንቀው መንገድ ተጨዋወቱ። ከርዕሱ ወጡ። አላቋረጥኳቸውም፤ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ የሚያልፈው በዚያው ዋሻ ነው።

11ኛው ፊርማ እናሰባስብ የሚል ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ካት ላብ ይከፈት፤ የተዘጋውን የደም ሥር በቀጭን ቱቦና በፊኛ የሚከፍቱበት ክፍል ማለት ነው። ብዙ ሰው ወደደለት። 12ኛው ግን በሒሳብ መጣ። ራሱን ሐኪም ነኝ ብሎ ያስተዋወቀ ወጣት ነው፤ አነጋገሩ ሻከር ይላል። በፊኛ መክፈት የሚመረጠው ሕመሙ ከታወቀ በ120 ደቂቃ ውስጥ የሚደረስ ከሆነ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሊያዞኑ (ከሌላ ሆስፒታል ጋር የሚያገናኘው ክፍል) አልጋ እስኪያገኝ፣ አምቡላንሱ እስኪነሣ፣ ሰንዳፋን አልፎ ለገጣፎና ኮተቤ ላይ መኪናው ሲቆም፣ ሰዓቱ ያልቃል። ስለዚህ እዚሁ የሚያሟሟው መድኃኒት በመርፌ ይሰጣል። መለኪያው በበሩ ከገባ በ30 ደቂቃ ውስጥ ነው። መድኃኒቱ የሚጠቅመው ሕመሙ በጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወርቅ ናቸው። ቴኔክቴፕሌዝ ከሆነ አንድ መርፌ ነው። ስትሬፕቶካይኔዝ ከሆነ 1.5 ሚሊዮን ዩኒት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በግሉኮስ መስመር ይንጠባጠባል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ አዲስ አበባ የሚላከው። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ለሚያውቅ፣ በቅርብ ስትሮክ ለመታው፣ ለሚደማ ሰው አይሰጥም። ልብ ቢቆም የሚያስነሣው መሣሪያ፣ ዲፊብሪሌተሩ፣ አጠገብ መሆን አለበት። ካት ላብ የሚጠይቅ ሰው ከዚህ መድኃኒት በፊት ሕንፃ ጠየቀ ብሎ ደመደመ።

11ኛው ተቀይሞ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ይዘቱ ትክክል ነው፤ አቀራረቡ ግን ሰው አሳጣን። ለወገኑ የተሻለ ነገር የተመኘ ሰው መነቀፍ አልነበረበትም።

13ኛው የኔን ሐሳብ ራሱን የፈተነ ነው። የሕብረተሰብ ጤና የምትማር ልጅ ጻፈችው። እኔ መጀመሪያ ጽሑፌ ውስጥ፣ መደረግ ያለበት ሁሉ የተዘረዘረበት የማረጋገጫ ቅጽ በር ላይ ቢለጠፍ ሰው ይተርፋል ብዬ በእርግጠኝነት ጽፌ ነበር። እሷ ሕንድ ውስጥ ኬራላ የተደረገውን አመጣች። 63 ሆስፒታሎች፣ 21,374 የሃርት አታክና የመሰል ሕመም ታካሚዎች። ለሆስፒታሎቹ የማረጋገጫ ቅጽ፣ የየወሩ የሥራ ውጤት መመዘኛ፣ የታካሚ ማስተማሪያና ሥልጠና ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ሲወጣ በ30 ቀን ውስጥ በሚደርሰው ሞትና ከባድ ጉዳት ላይ ማስተካከያ ተደርጎ ሲሰላ አስተማማኝ ልዩነት አልታየም። ቅጽ ብቻውን ሰው አያድንም ነው መልእክቷ።

እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ሌሊቱን እያሰብኩበት አደርኩ።

14ኛው ለእሷ የተሰጠ መልስ ነው። ሌላ ሐኪም የብራዚልን ጥናት አነሡ። በ34 የመንግሥት ሆስፒታሎች 1,150 ሕሙማን ነበሩ። እዚያ ታካሚው ሲገባ ወረቀቱ ላይ የደረት ሕመም የሚል ምልክት ይለጠፍበታል፣ እንደ አደጋው መጠን እጁ ላይ ባለ ቀለም አምባር ይታሰርለታል፣ ጉዳዩን የሚከታተል ነርስ ይመደባል። በመጀመሪያው 24 ሰዓት የሚገባውን መድኃኒት ሁሉ ያገኘው ታካሚ ይህ ባልተደረገባቸው ሆስፒታሎች 49.5 በመቶ፣ በተደረገባቸው ደግሞ 67.9 በመቶ ነበር። ልዩነቱን ሲያስረዱ፣ የኬራላ ሆስፒታሎች ቀድሞም ብዙውን ነገር ይሠሩ እንደነበር አመለከቱ፤ የጎደለው ትንሽ ከሆነ የሚጨመረውም ትንሽ ነው። እኛ ጋ ግን ገና በሩ ላይ ነን።

15ኛው እኔ ነኝ። ልጅቷን አመሰገንኩ፤ ቅጹ ሰው ያድናል ያልኩትንም መልሼ ወሰድኩ። ኢሲጂው ይቅደም የሚለውን ግን አልለቀቅኩም። መድኃኒቱ ቢኖርም ባይኖርም፣ ሪፈር ቢጻፍም ባይጻፍም፣ ሁሉም የሚጀምረው ከዚያች ወረቀት ነው።

16ኛው ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ አፍልቶ መጠጣት የተዘጋ የደም ሥር እንደሚከፍት የሚመክር ነበር። 17ኛዋ ከአረርቲ ናት። መልሷ እሳት ነበር። ወንድሟ ደረቱን ጨምድዶ ይዞት ሳለ ሁለት ቀን ይህንኑ ሲጠጣ ቆይቶ ነው ያረፈው። ነጭ ሽንኩርት ለወጥ ነው ብላ ጨረሰች። መካሪው ወዲያው ይቅርታ ጠይቆ ምክሩን አነሣው። ያ ደስ አለኝ።

18ኛውን ልብ በሉልኝ። እናቷን የምታስታምም የደነባ ልጅ ናት የጻፈችው። እናቷ ስኳር አለባቸው። ደረታቸውን ምንም አላመማቸውም። ድካም፣ ማቅለሽለሽና ላብ ብቻ ነበር። ስኳር ያለባቸውና ሴቶች እንዲህ ሊሆኑ እንደሚችሉ ሐኪሟ በኋላ ነግሯታል። ችግሩ ግን እዚያ አላቆመም። ኢሲጂ ሲታዘዝ በሁለት አልጋ መሐል መጋረጃ አልነበረም። እናቷ ሹራባቸውን፣ ከሥሩ ያለውን ቀሚስ፣ መቀነታቸውን ወንዶች ፊት ማውለቅ አሻፈረኝ አሉ። በመጨረሻ ልጅቷና አንዲት የማያውቋት አስታማሚ ነጠላቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ይዘው ቆሙ። ነርሷ በዚያ ውስጥ ገብታ ስድስቱን የደረት መምጠጫ አንድ በአንድ አስቀመጠች። በደብረ ብርሃን ብርድ ሦስት አራት ልብስ የደረበ ሰው እስኪያወልቅ ብቻ ስንት ደቂቃ እንደሚሄድ አስቡት። አንድ መጋረጃ በሐዲድ ላይ ቢሰቀል ደቂቃ ይቆጥባል። ይህን የትኛውም ጥናት ላይ አላነበብኩትም።

19ኛው ስለ ወረቀቱ ነው። ከእነዋሪ አጎቱን ይዞ የሄደ ወጣት ኢሲጂውን አጥፎ የደረት ኪሱ አስገባው። የኢሲጂ ወረቀት ቀለሙ የሚወጣው በሙቀት ነው፤ ሙቀትና ፀሐይ ደግሞ መልሶ ያበላሸዋል። ከሳምንታት በኋላ አዲስ አበባ ለቀጠሮ ሲያወጣው መስመሩ ደብዝዞ ሊነበብ አልቻለም። ስለዚህ ወዲያው ፎቶ አንሡት፤ የታካሚው ስም ያለበትን ጥግ በጣት ሸፍናችሁ። 20ኛው ላይ ያ የተቆጣው ነርስ ተመለሰ፤ አሁን ድምፁ ለስልሷል። እነሱ ሌሊት ያጠራጠራቸውን ኢሲጂ በቴሌግራም ለተረኛው ሐኪም ይልካሉ፤ መልስ ቶሎ ይመጣል። የመጀመሪያው ንጹሕ ቢሆንም ሕመሙ ካልለቀቀ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ መድገም እንደሚያስፈልግም አስታወሰ። በቀደም የማሽኑን ቁልፍ ትራያጅ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ እንዲያድር አድርገዋል። በጀት አልጠየቀም። ለዚህ መልስ ነው በጣም ያመሰገንኩት።

21ኛዋ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ስሟንም ቤቷንም አልጻፈችም። 140 ደቂቃውን ስታነብ አልቅሳለች። ሰው ወደ መስኮቷ መጥቶ የሚላትን ሁሉ ትሰማለች፤ የትኛው ለድንገተኛ ክፍል እንደሚሮጥበት ግን ነግሯት የሚያውቅ የለም። ሐኪም የሚለውን ቃል አልፈለገችም። ሰው የሚለውን ቃል ስጡኝና ጽፌ ልለጥፈው ብላ ጠየቀች።

22ኛው ውስጥ ያን ማታ ብዙ ሰው እየገባ ጨመረበት። ደረቴን አፈነኝ። ድንጋይ ተጫነብኝ። ጨምድዶ ያዘኝ። ልቤን አጠበው። ግራ ክንዴ ዛለ። መንጋጋዬን ጠዘጠዘኝ። ትንፋሽ አጠረኝ። ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ሁለት ከእኔ ጽሑፍ ወስደው ጨመሩ፦ ብርድ መታኝ እና ጨጓራዬ ተነሣ፤ ሁለቱ ግን ከላብ ወይም ከደረት ጋር ሲመጡ ነው። 23ኛው ከሞላሌ ነው። አያቱ ከመሞታቸው በፊት በነበረው ሌሊት ደረቴ ላይ ረመጥ ተዳፈነ ብለው ነበር።

የካርድ ክፍሏ ልጅ ዛሬ ጠዋት ፎቶ ላከችልኝ። ወረቀቱ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፤ በውስጥ በኩል፣ ተቀምጣ ስትጽፍ ዐይኗ የሚያርፍበት ቦታ። አሥሩ በኮምፒውተር የተጻፉ ናቸው። የሞላሌው ከሥር በእስክሪብቶ ተጨምሯል።